በአዛናው ስም የሚጠራው ስንጥቅ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት አለቃዬ አመሰገነኝና ተጣላን። ሰው ሲሰድቡት ይጣላል፤ እኔን ያጣላኝ ምስጋና ነው። ነገሩ ለሰሚ ግራ ስለሆነ ከሥር ከመሠረቱ ልናገረው። ከእንግዲህ ፈረቃዬን የሚለውጥብኝ ሰው የለም፣ ስለዚህ አፌን አላለዝብም።

ይግዛው እባላለሁ። ትውልዴ ጎንደር፣ ኑሮዬ ዕብራይስጥ በሚነገርባት በቂርያት ጋት ከተማ ነው። እዚህ እንደ መጣሁ መጀመሪያ ማሸጊያ ፋብሪካ ቆሜ ካርቶን አጠፍሁ፣ ቀጥሎ ትምህርት ቤት ጠረግሁ። ደመወዙ ያው የሚታወቀው ነው፣ አላነሣውም። ከዚያ አንድ የሰፈር ሰው «እንጨት የሚችል እጅ ይፈልጋሉ» ብሎ ወደ ኢንዱስትሪው ቀጠና ወሰደኝ። ከትልልቆቹ ፋብሪካዎች ጀርባ የተጠጋች አንዲት የጠመንጃ እንጨት መሥሪያ ነበረች። ጠመንጃ አንሠራም ነበር። ብረቱን ሌሎች ይሠሩታል፤ እኛ ብረቱ የሚተኛበትን እንጨት፣ ተኳሹ ትከሻው ላይ የሚያስደግፈውን ሰደፍ ነበር የምንሠራው። ደንበኞቻችን ኢላማ የሚወዳደሩ ስፖርተኞች ነበሩ።

የመጀመሪያው ባለቤት ከሞሮኮ የመጣ ሽማግሌ ነበር። ሲጮህ ጣሪያው ይነሣል፣ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ደግሞ ያመጣውን ሁሉ ለሠራተኛው ያካፍላል። እሱን አልጠላሁትም። የሚጮህ ሰው ቢያንስ በሆዱ ያለውን ታውቃለህ።

ሥራውን ያስተማሩኝ ግን አያ አዛናው ናቸው። ከእኔ ቀድመው በሱዳን በኩል የመጡ፣ የቀጥቃጭ ልጅ፣ ቁመታቸው አጠር ያለ፣ እጃቸው ሰፊ ሰው። «አያ» የምለው ለማሳመር አይደለም። በእኛ አገር ታላቅን በስሙ ብቻ መጥራት ነውር ነው፣ ያውም ሙያ ያስተማረህን ሰው። ይህን እዚህ ላይ የምናገረው በኋላ ለሚመጣው ነገር ስለሚያስፈልግ ነው።

የእኛ እንጨት ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ አልነበረም። ስስ የእንጨት ቅጠሎች ቀለም ተነክረው፣ በማጣበቂያ ተደራርበው፣ በከባድ መጫኛ ተጨምቀው የሚሠራ ንብርብር እንጨት ነው። በብርጭቆ ወረቀት ሲለሰልስ ግራጫና ቡናማ መስመሩ ይወጣል፣ ያምራል። ዝናብና ሙቀት አያጣምመውም። አንድ ክፉ ጠባይ ግን አለው፤ በንብርብሮቹ መካከል ሽብልቅ የገባበት ቀን ይከፈታል።

ባይፖድ የሚሉት ደግሞ ከጠመንጃው የፊት እንጨት ሥር የሚታሰር ሁለት እግር ነው። ተኳሹ በደረቱ ሲተኛ ጠመንጃው በእነዚህ እግሮች ይቆማል። ጥሩ ተኳሽ ሰደፉን ትከሻው ላይ አስጠግቶ ወደ ፊት ይገፋዋል፤ ጠመንጃው ሲተኩስ ደግሞ ወደ ኋላ ይረግጣል። ያ ሁሉ ግፊያና ርግጫ የሚያርፈው ጫፏ ላይ ቀዳዳ ባላት በአንዲት ብሎን ላይ ነው፣ ምክንያቱም እግሮቹ የሚታሰሩት እሷ ላይ ነው። እሷ ከለቀቀች ሁሉም ለቀቀ።

አያ አዛናው ይህችን ብሎን ከማስገባታቸው በፊት ደንበኛውን ያስተኙት ነበር። ካርቶን ወለሉ ላይ ያነጥፉና «ተኛ» ይላሉ። ሐኪም ይሁን ጠበቃ ግድ የላቸውም። አሮጌ ጨርቅ በሞላበት ከረጢት ላይ ባዶውን ጠመንጃ ያስደግፉለታል፣ ከዚያ አጠገቡ ቁጢጥ ብለው አተነፋፈሱን ያያሉ። ሰውየው መጀመሪያ ያፍራል፣ ቀጥሎ ይስቃል፣ በመጨረሻ ሰውነቱ ይለቃል። ያን ጊዜ ነው በእርሳስ ምልክት የሚያደርጉት። «የሰው ክንድ እኩል አይዶለም» ይሉኝ ነበር፤ «ልኩን ከወረቀት የሚወስድ ሰነፍ ነው።»

ፑንታ፣ የመሰርሰሪያውን ስለት፣ ከእጄ አይቀበሉም። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ፣ እሳቸው ያነሡታል፣ ስለት ከእጅ ወደ እጅ ማቀባበል ጠብ ያመጣል ብለው። ከሥር በኩል ግማሽ ይሰረስሩና ያቆማሉ፤ እንጨቱን መቆንጠጫው ሞርሳ ላይ ገልብጠው ከላይ በኩል ይጨርሱታል፣ ፑንታው በሚወጣበት በኩል ቅጠሉ እንዳይፈነጥር። ብናኙን በጣታቸው አንሥተው ያሸቱታል። የተቃጠለ ማጣበቂያ ከሸተተ ፑንታው ዱልዱም ነው፣ ይጣላል። ቀዳዳውን ከውስጥ ቀጭን ማጣበቂያ ያጠጡታል። ብሎኑ ከታች ይገባል፤ ከላይ፣ በርሜሉ በሚተኛበት ቦይ ውስጥ፣ ሮንዴላ የሚሉት ሰፊ ቀለበትና ማጥበቂያ ዳዶ ይቀበሉታል። ዳዶው ከቦዩ ወለል በታች መስመጥ አለበት። በርሜሉን ለጥቂት እንኳ ከነካው ኢላማው ይዛባል። በርሜሉ ተመልሶ ሲገባ በእሱና በእንጨቱ መካከል ወረቀት ያሳልፋሉ፣ ሳይያዝ ካለፈ ደህና ነው። ከዚያ «ይደር» ይላሉ። ማጣበቂያው እስከ ነገ ይያዝ ማለታቸው ነው። ደንበኛው ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ ቢምል «ይደር» ነው መልሱ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።

አሮጌው ባለቤት ሲደክም ሥራውን ለአማቹ ለዱቢ ሰጠ። ዱቢ አይጮህም። ትከሻ መታ መታ ያደርጋል፣ በስም ይጠራል፣ «እኛ ቤተሰብ ነን» ይላል። ቤተሰብ ነን ከሚል አለቃ ይሰውራችሁ። ይህ ሰው በመጣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የሥራውን ሰዓት መለካት ጀመረ፣ እና ዓይኑ «ይደር» ላይ አረፈ።

አንድ ጠዋት ሁላችንም በተሰበሰብንበት አያ አዛናው ጠረጴዛ ዘንድ መጣ። በእጁ የእንጨት ብሎን ይዟል፤ ዳዶ የማይፈልግ፣ ጫፉ የሾለ፣ እንጨቱን ራሱ እየነከሰ የሚገባ።

«አዛናው፣ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ነው። ከሥር ታጠብቀዋለህ፣ አለቀ። በርሜል መንቀል የለም፣ ማጣበቂያ የለም፣ ነገ የለም። ሀዮም! ዛሬ ገብቶ ዛሬ ይወጣል።»

አያ አዛናው ብሎኑን ጠረጴዛው ላይ እስኪያስቀምጠው ጠበቁ፣ ከዚያ አንሥተው አዩት። ዕብራይስጣቸው ጥቂት ናት። «ዱቢ፣ ሎ ቶቭ» አሉት፣ ጥሩ አይደለም ለማለት። ሁለት መዳፋቸውን ገጥመው ከመካከል ከፈቱለት፤ ይከፈታል ማለታቸው ነው።

«ይሂዬ በሴደር፣ ደህና ይሆናል» አለ ዱቢ እየሳቀ። «ኃላፊነቱ በእኔ ነው። አለቃው ማን ነው?»

«አንተ ነህ» አሉት አያ አዛናው። ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ «እንግዲህ እሱ አለ» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ይህን ሁላችንም ሰምተናል። አንድም ያልሰማ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጠመንጃ በዚያ ብሎን ወጣ። አያ አዛናው የሚችሉትን አደረጉ፤ ቀዳዳውን አስቀድመው ይሰረስራሉ፣ ብሎኑን ሰም ይቀቡታል፣ በእጃቸው ቀስ እያሉ ያጠብቁታል። ነገር ግን ሽብልቅን ሰም ብትቀባው ሽብልቅነቱን አይተውም። ንብርብሩ ወደ ላይ የቆመ ነው፤ ብሎኑ ከሥር የሚገባው በቅጠሎቹ መካከል ነው፣ እንደ ቢላዋ በመጽሐፍ ገጾች መካከል።

ከካርሜ ጋት ሰፈር አዲሶቹ ፎቆች የመጣች አንዲት ወጣት ተወዳዳሪ ነበረች። ለትልቅ ውድድር ስትዘጋጅ ባይፖድ አስገጠመች። አያ አዛናው እሷንም ካርቶኑ ላይ አስተኝተው ነበር፤ ያን ልማድ ዱቢ አላየውም እንጂ እሱንም ባስቀረው። ልምምድ ላይ ተኝታ፣ ሰደፉን ገፍታ ስትተኩስ ብሎኑ ተነቅሎ ወጣ። የጠመንጃው ፊት ወደቀ፣ ኋላው ተነሣ፣ የጠመንጃው ማነጣጠሪያ መነጽር ቅንድቧን ቀደደው። ዓይኗ በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈ። ፊቷ ተሰፋ፣ ውድድሩ አመለጣት።

እንጨቱን መልሰው ሲያመጡት እኔ ነበርሁ የተቀበልሁት። ከብሎኑ ቀዳዳ ተነሥቶ እስከ ጫፉ ድረስ ተከፍቷል፣ ግራጫው ከቡናማው ተለያይቶ። ጥፍሬን ባስገባው ገባ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። አያ አዛናው አዩት፣ በመዳፋቸው ዳበሱት፣ «ልጅቱ እንዴት ሆነች?» ብቻ አሉ።

ቀጥሎ ሺሙዓ ተጠራ። ሺሙዓ ማለት ሠራተኛ ከመባረሩ በፊት የሚሰማበት ስብሰባ ነው፤ ስሙ መስማት ነው፣ የሚሰማ ግን የለም። እኔ አስተርጓሚ ሆኜ ገባሁ። ደረጃው ላይ አያ አዛናው ክንዴን ያዙኝ።

«ይግዛው፣ እኔ ያልሁትን ብቻ ትነግርልኛለህ። ከራስህ አንድ ቃል እንዳትጨምር።»

«አያ፣ እሱ እኮ ነው ያዘዘ! ሁሉ ሰው ሰምቷል።»

«እሱም ያውቃል። የሚያውቅ ሰው ራሱ ይናገር።»

እዚህ ላይ የአገሬን ደንብ መንገር አለብኝ። በእኛ ዘንድ በታላቅህ ወይም በሹምህ ፊት ስትከሰስ ራስህን ዝቅ ታደርጋለህ፣ ዓይንህን መሬት ትተክላለህ፣ ትሰማለህ። ይህ ጥፋትን ማመን አይደለም። ለባላጋራህ ደጅ መክፈት ነው፤ ጨዋ ከሆነ በዚያ ደጅ ገብቶ «አይ፣ የእኔም እጅ አለበት» ይላል። ሽማግሌዎቻችን ስንቱን ጠብ እንዲህ አብርደውታል። አያ አዛናው ያን ደጅ ለዱቢ ከፈቱለት። በእጃቸው ቆባቸውን ይዘው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ።

ዱቢ ጠየቀ፤ «ይህን ብሎን አንተ ነህ ያስገባኸው?»

«እኔ ነኝ።»

«የምትለው ነገር አለህ?»

ዝም። ዱቢም ዝም አለ። እኔ የዱቢን ፊት ነበር የማየው። ያውቃል። ደጁ ተከፍቶ እንደ ቆመለት ባያውቅ እንኳ ያዘዘውን ያውቃል። ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ አደረገና አጠገቡ ለተቀመጠችው ጸሐፊ «ጥፋቱን አምኗል» ብሎ ነገራት።

ተነሣሁ። በዕብራይስጥ «ዱቢ፣ አንተ ራስህ...» ብዬ ስጀምር አያ አዛናው በአማርኛ ጮኹብኝ፤ «ቁጭ በል! እኔን ለማዋረድ ነው የመጣህ?» በሕይወቴ ሲጮሁ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ተቀመጥሁ። በዱቢ ተናደድሁ፣ በአያ አዛናውም ተናደድሁ፣ ሁለቱን ንዴቶች እስከ ዛሬ ለይቼ ማስቀመጥ አልቻልሁም። በኋላ መንገድ ላይ «ዝም አይነቅዝም» አሉኝ። ነቅዟል እንጂ! እንዴት አይነቅዝም?

አባረሯቸው። ዱቢ በሳምንቱ ሁላችንን ሰብስቦ «ከእንግዲህ በብሎንና በዳዶ ብቻ፣ ማጣበቂያውም ይደር» ብሎ አዘዘ። የጣለውን አሠራር መልሶ አነሣው፣ አያ አዛናውን ግን ሜዳ ላይ ተዋቸው።

ይህ ሁሉ እንኳ ያልፍ ነበር። ግፍ ያልደረሰበት ሠራተኛ የለም። የማያልፈው ቀጥሎ የመጣው ነው። በመሥሪያው ውስጥ እንጨት ሲሰነጠቅ፣ ብሎን ጠምሞ ሲገባ፣ ቀለም ሲበላሽ «አዛናው» ማለት ጀመሩ። «ተጠንቀቅ፣ አዛናው እንዳታወጣብን።» «ዛሬ ሁለት አዛናው ወጣብኝ።» መጀመሪያ ማን እንዳለው አላውቅም። ዱቢ ሲሰማ ይስቅ ነበር። አዲስ ሠራተኛ በገባ ቁጥር እንደ መሣሪያ ስም ይማረዋል። ወደ ጎረቤት መሥሪያ ቤቶችም ተሻገረ። አገር ቤት በነበርንበት ጊዜ ብረት ስለቀጠቀጥን ቡዳ አሉን። ባሕር ተሻግረን መጣን፣ እዚህ ደግሞ የሰውየውን ስም ወስደው የስንጥቅ ስም አደረጉት። «ሰው ነው እኮ! አዛውንት ነው!» እያልሁ ስንቴ ተጣላሁ። «ይግዛው፣ ሳቭላኑት፣ ትዕግሥት አድርግ፣ ቀልድ ነው» ይሉኛል።

ከእሳቸው እሰውረዋለሁ ብዬ አስብ ነበር። አንድ ቅዳሜ ቤታቸው ተቀምጬ ሳለሁ ራሳቸው አነሡት።

«ክሊኒክ ወረፋ ላይ ነበርሁ» አሉኝ። «ከኋላዬ ሁለት የፋብሪካ ልጆች ያወራሉ። አንዱ ‹አዛናው› ሲል ሰማሁ። የጠራኝ መስሎኝ ‹አቤት› ብዬ ዞርሁ።»

«እነሱስ?»

«ሳቁ። ‹አንተን አይዶለም ሳባ፣ የተበላሸ ዕቃ ነው› አሉኝ።» ሳባ በዕብራይስጥ አያት ማለት ነው። ከዚያ አያ አዛናው እጃቸውን አገላብጠው አዩትና ሌላ ወሬ አመጡ።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። እሳቸው ገና በሕይወት ሳሉ የስማቸው ነገር እንዲህ ከሆነ፣ በኋላ ምን ሊሆን ነው? ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የነሣኝ ይህ ነው።

አሁን ወደ ጡረታዬ ቀን ልመለስ። በመመገቢያው ጥግ ኬክ ቀረበ፣ ጭማቂ ተቀዳ። ዱቢም ሸብቷል። ትከሻዬን አቀፈና ለሁሉም እንዲህ አለ፤

«ይህ ሰው በዚህ ሁሉ ዘመን ውስጥ አንድ አዛናው እንኳ አላወጣም!»

አጨበጨቡ። ከልባቸው ነው፣ ማመስገናቸው ነው። ክንዱን ከትከሻዬ ላይ አነሣሁት።

«ዱቢ» አልሁ፣ «አዛናው የሚባል ሰው ያስተማረኝን ነው ይህን ሁሉ ዘመን የሠራሁት። እናንተ ዛሬ የምትሠሩበት ብሎንና ዳዶ፣ ወረቀት ማሳለፉ፣ ማሳደሩ፣ የእሱ ነው። ያን የእንጨት ብሎን ያዘዝህ አንተ ነህ። ‹ኃላፊነቱ በእኔ› ብለሃል። በሺሙዓው አፍህን ዘጋህ። ስንጥቁ ስም ካስፈለገው ዱቢ በሉት!»

ኬክ የሚቆርጠው ሰው ቢላዋውን አስቀመጠ። ዱቢ ይክዳል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ለክህደቱ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ዱቢ ግን አልካደም።

«ይግዛው፣ ይህን ማን የማያውቅ አለ?» አለ በረጋ ድምፅ። «የድሮዎቹ ሁሉ እናውቃለን። ማንም በእሱ ላይ ክፋት የለውም። ቃል ሆኖ ቀረ እንጂ።»

ወደ ድሮዎቹ ዞርሁ። አንዱ ጭማቂውን ይጠጣል፣ አንዱ ስልኩን ያያል። ያውቃሉ። እያወቁ ነው ሲሉት የኖሩ። ውሸት ቢሆን አስተባብለው ነበር፤ እውነቱን አውቆ የሚስቅን ሰው በምን ታስተባብለዋለህ? የሰጡኝን ስጦታ ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ።

ከወር በኋላ ሊአት ቤቴ መጣች። ሊአት እዚሁ የተወለደች የወገኖቻችን ልጅ ናት፣ ሠራዊት አገልግላ ስትጨርስ መሥሪያው ገብታ አሁን ጎበዝ ባለሙያ ሆናለች። ልጅ ወልዳ አሳድጋለች። ሁልጊዜ ጋሼ ነው የምትለኝ። ያን ቀን እሷም አጨብጭባ ነበር።

«ጋሼ፣ አይቆጡኝ» አለች ገና ሳትቀመጥ። «ትናንት አንድ እንጨት ተሰነጠቀ። ዱቢ እዚያው ቆሞ ነበር። ማንም ስም አልጠራም።»

«ዱቢ አላሉትም?»

«በፊቱ ማን ይላል?»

«ሲሄድስ?»

ቀለበቷን ታዞር ጀመር። «ሲሄድ... ያው የድሮውን አሉት።»

«አንቺስ?»

«ቤኤሜት፣ በእውነት ልንገርዎት? እኔም ስለው ነው የኖርሁት። ስሙ የእኛ መሆኑን አውቃለሁ፣ ሰውየው ግን እውነተኛ ሰው አልመሰለኝም ነበር። ካልሳቅሁ ደግሞ በእኔ ይስቃሉ ብዬ...»

ልጮህባት አፌን ከፈትሁ። ብዙ የተጠራቀመ ነበረኝ። ነገር ግን ለእሷ ብናገረው ምን ይረባል፤ ስድብ ሰምታ ትሄዳለች፣ ነገም ያው ነው። ጫማዬን አደረግሁና «ተነሽ» አልኋት።

«ወዴት?»

«ሰው ቤት።»

አሮጌው ሰፈር፣ ሊፍት የሌለው ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ። በመንገዱ ሁሉ አላናገርኋትም። ደረጃውን ስንወጣ የት እንደምንሄድ የገባት መሰለኝ፣ ወደ ኋላ ቀረት አለች። አንኳኳሁ። አያ አዛናው በዝግታ መጥተው ከፈቱ። ከኋላዬ የማያውቋትን ሴት ሲያዩ ቆባቸውን አስተካከሉ፣ እንግዳ ክቡር ነውና በሁለት እጃቸው እጇን ያዙ።

«አዛናው እባላለሁ፣ ልጄ» አሏት። «አንቺስ ማን ልበልሽ?»

ሊአት አፏን ከፈተች። የራሷ ስም እንኳ አልወጣላትም። እጇ በእጃቸው ውስጥ እንዳለ ቆማ ቀረች፣ እሳቸውም መልሷን በትዕግሥት ጠበቁ።